ከመርዶው የቀደመው ድምፅ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም በር ላይ አትቁም፤ ግባና ብርዱን ከውጭ ዝጋበት። ስልካችሁን ለጊዜው ኪስ ክተቱት፤ የማወራችሁ የስልክ ነገር ነውና ባይሰማ ይሻላል። ወሬው ረጅም አይደለም፣ ጣፋጭም አይደለም። መራራ ነገር ግን አብረው ተቀምጠው ሲሰሙት ይቀላል፤ ለዚያ ነው ጠጋ በሉ ያልኳችሁ።

እዚሁ ላሊበላ ቢተው የሚባል ጋዜጠኛ ነበረ። ነበረ ማለቴ ሞቶ አይደለም፣ ዕድሜ ይስጠው፤ ጋዜጠኝነቱ ነው የነበረው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ ወደ ፊት ዘንበል የሚል፣ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ ሰው ነው። ሁለተኛው ለምንድን ነው ሲሉት፣ "አንዱ ሲነጥፍ ሰው ወሬውን አቋርጦ አይጠብቀኝም" ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የላስታን ነገር ጻፈ። የገናን ንግሥ፣ የበረዶውን ጉዳት፣ የአንበጣውን መንጋ፣ ተጀምሮ የቀረውን መንገድ፣ የማይቀረውን ሞት።

ሲጽፍ አይቸኩልም። ሰው ሞተ ሲሉት ሄዶ ያጣራል፤ ስሙን ከነአባቱ ይጠይቃል፣ ዕድሜውን ከዘመድ ይሰማል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ጋዜጣው ቅዳሜ ይወጣል፤ ላሊበላ የሚደርሰው ማክሰኞ ነው፤ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ የመጣ ቀን ነው። ስለዚህ ቢተው የጻፈው ሞት ሁሉ የሚነበበው፣ ዘመድ አልቅሶና ቀብሮ፣ ሠልስቱን አውጥቶ ካበቃ በኋላ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ጋዜጣ መርዶን ቀድሞ አያውቅም።

መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሞት የሰማ ሰው ሮጦ አይናገርም። ዘመድ በጓሮ ይመክራል፣ የነፍስ አባት ይጠራሉ፣ አንደበታቸው የለዘበ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሁሉም አንድ ላይ በር ላይ ይቆማሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያወቀ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ሐዘንተኛው ቢስቅ አብሮት ይስቃል፤ ቢጠይቀው አልሰማሁም ይላል። ውሸት ነው የሚል የለም። እናት ብቻዋን፣ መንገድ መሃል፣ ሸክም እንደተሸከመች በሞት እንዳትመታ ነው። ስትወድቅ የሚደግፋት ክንድ አስቀድሞ ይዘጋጅላታል።

ይኼን ያዙልኝና ወደ ቢተው ልመለስ።

ጋዜጣው እየሳሳ መጣ። በፊት ሃያ አራት ገጽ የነበረው አሥራ ስድስት፣ ቀጥሎ ስምንት ሆነ። አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ዘጋቢዎቹን ሁሉ ለሥልጠና ጠራ። አሠልጣኟ የትናየት የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቀልጣፋ ልጅ ነበረች። "ጋሼ ቢተው፣ ከእንግዲህ መጻፍ ብቻ አይበቃም" አለችው። "ድምፅ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ጽሑፍ፣ አራቱ ተጋግዘው አንድ ታሪክ ይናገራሉ። መልቲሚዲያ የሚባለው ይህ ነው።"

"አራቱንም የምሠራው እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ብቻዎን። በስልክዎ።"

"ታዲያ ሌሎቹ ሦስት ሰዎች የት ሄዱ?"

ክፍሉ ሳቀ። የባሰ የሳቀው ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ሁሉም የቀረጸውን ሲያሳይ የቢተው ቪዲዮ ግማሹ የራሱ አውራ ጣት ነበር፤ የቀረው ግማሽ ደረጃ ነው፤ የሚሰማውም የእሱ ትንፋሽ ብቻ። አንዱ ባልደረባው፣ "አርእስቱን አገኘሁት፤ ጋሽ ቢተው ዳገት ሲወጡ" አለ። ቢተውም አብሮ ሳቀ። ማታ አልጋው ላይ ግን አልሳቀም። እስከ ሰኔ መጨረሻ አንድ የተሟላ የመልቲሚዲያ ሥራ ያላቀረበ ዘጋቢ ወደ ማኅደር ክፍል ይዛወራል ተብሎ ተነግሯቸዋል። ማኅደር ክፍል ማለት ምድር ቤት ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ በየዓመቱ እየለዩ ማሰር ነው። የራሱን የሃያ ሁለት ዓመት ጽሑፍ በሲባጎ ሊያስር መሆኑ ታየው።

ላሊበላ ሲመለስ ያዳነው የጎረቤቱ ልጅ ነው። ኪዳን ይባላል፣ አስጎብኚ ነበር። የኮሮና በሽታው፣ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ ደግሞ ያልበረደው ነገር መጣና እንግዳው ቀረ፤ ኪዳንም የአስጎብኚ ባጁ የተሰካበትን ሰማያዊ ጃኬት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቁጭ አለ። እናቱ ባንቺዓለም ደግሞ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ እንግዳ ሲጠፋ አንሶላውም መቆሸሹን ተወ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ እሱ ብቻ ነው።

ኪዳን ቢተውን በግቢያቸው አቁሞ ያስተምረው ጀመር። "አያ ቢተው፣ ስልኩን እንደ ጸናጽል አይወዝውዙት።"

"እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ምን ላድርገው?"

"ክንድዎን ከጎንዎ ይለጥፉት። መራመድ ካስፈለገ ጧፍ እንደያዘ ዲያቆን ይራመዱ።"

ባንቺዓለም ከደጃፏ ሆና፣ "አስተምረው፣ አስተምረው" አለች። "የወረቀቱ ነገርማ ለእኔ የድስት መቀመጫ ነው።"

"እትዬ ባንቺዓለም፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩት ለድስትዎ ነው?"

"ታዲያ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን ላድርገው? መደርደሪያዬ ግን አንድም ቀን ጥላሸት አልነካውም። እግዜር ይስጥልኝ።"

አንድ ቀን ኪዳን ቤተ ጊዮርጊስ ድረስ ወሰደው። "ሌላው አስጎብኚ እዚህ አፋፍ ላይ አቁሞ ነው የሚያሳያቸው" አለው። "መስቀሉን ያያሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ አለቀ። እኔ ግን ዓይናቸውን መሬት መሬት እያስባልኩ በመውረጃው ይዣቸው እገባለሁ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ አስቀምጣለሁ፤ የመሮውን ምልክት በጣታቸው ያገኙታል። ከዚያ፣ አሁን ቀና በሉ እላለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝም ነው፣ አያ ቢተው። ትልቁ ነገር እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ዝም ካልኩ የሚያለቅስ አለ። ካወራሁ ሰዓቱን ያያል።"

የትናየትም በሥልጠናው ላይ ያለችው ይኼንኑ ነበር፤ መጨረሻውን ዝም በሉበት ብላ። ቢተው ሁለቱን ምክር አንድ አድርጎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ዝምታ እንዲህ እንደሚያስከፍለው በምን ይወቅ?

ከዚያ ኪዳን ጠፋ። ለእናቱ ደሴ ሱቅ ተቀጠርኩ አላት። ለቢተው ግን ደውሎ እውነቱን ነገረው፤ ያለው ወገል ጤና ነው፤ ከገደል ወገብ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ይፈልጋል። "ለእማዬ እንዳይነግሯት። ጉድጓድ የሚባል ነገር ከሰማች እህል አይወርድላትም። ግን ይምጡና ይቅረጹን። ታሪክ እዚህ ነው ያለው።"

ቢተው ግንቦት ሲያልቅ በጋሸና አድርጎ ወገል ጤና ሄደ። ማክሰኞ ዕለት ኪዳንን ተከትሎ በገደሉ ቀጭን መንገድ ተሻግሮ ጉድጓዱ አፍ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ፣ ወደ ውስጥ የጨለመ ነው። ጣሪያው ውሃ ያንጠባጥባል። ኪዳን ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ ፊቱ አፈር ለብሶ፣ ጥርሱ ብቻ እየታየ ወደ ስልኩ ዞረ። ድምፁንም ለእንግዳ የሚያወጣውን ድምፅ አደረገው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ላሊበላ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት አሉ ተብላችሁ ይሆናል። ይኼ አሥራ ሁለተኛው ነው። ጠራቢዎቹ እኛ ነን። ያኔ ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር ይባላል፤ እኛን ግን እስካሁን አድራሻችንን አላገኙትም።" ሳቀ። ከውስጥ ያሉት ቆፋሪዎችም ሳቁ። ከዚያ የቢተውን እጅ ይዞ ግድግዳው ላይ አስቀመጠውና፣ "አሁን ቀና በሉ" አለ። ስልኩ ቀና ሲል ጣሪያው ላይ የምትብለጨለጭ፣ ጥፍር የምታክል ድንጋይ ታየች።

የቢተው እጅ ያን ቀን አልተንቀጠቀጠም።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት ጉድጓዱ ተደረመሰ። ኪዳንና አንድ ሌላ ልጅ ውስጥ ቀሩ። ሰው በዲጂኖና በእጁ እየዛቀ ዋለ፤ ቢተውም ስልኩን ኪሱ ከትቶ አብሮ አፈር ሲዝቅ ዋለ። ወደ ማታ ሁለቱንም አወጧቸው። እስትንፋስ አልነበራቸውም።

ቢተው መጀመሪያ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ሰውየው ሥርዓት የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። አስቀድሞ የደወለው ለኪዳን ቤተሰብ የነፍስ አባት፣ ለመምሬ ገብረ ሊባኖስ ነው። አስከሬኑ በወረቀት ጉዳይ አንድ ቀን ይውላል፤ ላሊበላ የሚገባው ዓርብ እኩለ ቀን ነው። ስለዚህ መርዶው ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ይሁን ተባባሉ። "እስከዚያ ባንቺዓለም ጆሮ እንዳይገባ፣ አባቴ" አለ። "ይህስ በእኔ ነው" አሉት። ወገል ጤና ያሉትን የላሊበላ ልጆችም አንድ ባንድ ለመናቸው፤ ማንም ወደ አገር ቤት እንዳይደውል። ሁሉም እሺ አሉ።

ከዚያ የቆፋሪዎቹ ዳስ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። ትናንት የቀረጸውን አየው። ኪዳን ይስቃል። ቢተው አለቀሰ፤ እያለቀሰም የሚቆርጠውን ይቆርጥ፣ የሚቀጥለውን ይቀጥል ጀመር። መጨረሻው ላይ ሞቱን በራሱ ድምፅ ሊናገር ሞከረ፤ የማስታወቂያ አንባቢ መሰለበት። ደግሞ ሞከረ፤ ድምፁ እንቢ አለው። ያኔ ደብተሩ ላይ የጻፈው ትዝ አለው። መጨረሻ ላይ ዝም። ድምፁን ሁሉ አጠፋው። ኪዳን "አሁን ቀና በሉ" ካለ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፤ ከጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ሁለት መስመር፤ "ይህ በተቀረጸ ማግሥት ጉድጓዱ ተደርምሶ ኪዳን ሕይወቱ አልፏል። ነፍሱን ይማር።" ሌላ ምንም። ሙዚቃም የለ፣ ቃልም የለ።

ደግሞ አየው። ጥሩ ሥራ ነበር። በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የተሻለ ነበር፤ እሱም አወቀው፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለው። ኋላ ራሱን ይቅር ሊል ያልቻለው ያቺን አፍታ ነው።

ሐሙስ ማለዳ፣ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ፣ ለየትናየት ላከውና "ልኬልሻለሁ" ብሎ ጻፈላት። ሌላ አልጻፈም። ያዙት፣ ቆዩ፣ እናቱ አልተረዳችም፣ አንዱንም አላለም። ደብቆ አይደለም፣ ቸኩሎም አይደለም፤ አልታሰበውም። ለሃያ ሁለት ዓመት የላከው ሁሉ የሚወጣው ቅዳሜ ነው። መርዶው ዓርብ ነው፤ ጋዜጣው ቅዳሜ ነው። በልቡ ያለው ሒሳብ ይኼ ነበር። ላከና መኪና ተሳፈረ። ጋሸና ሳይደርስ የስልኩ ባትሪ አለቀ።

ላሊበላ መናኸሪያ ሲወርድ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። ደግሰው የሚባለው የባጃጅ ሾፌር መጣ፤ ሰላምታ አልሰጠውም።

"አያ ቢተው፣ ምን አደረጉን?"

"ምን ሆናችሁ?"

"ቪዲዮዎን የጋዜጣው ሰዎች ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት እኮ። ከተማው ሁሉ አይቶታል።"

ቢተው ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠው። "እሷስ?"

ደግሰው ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሲያይ ነበር አለ። ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ኪዳንን አይተው ደስ ብሏቸው ድምፁን ከፍ አድርገውታል። ባንቺዓለም ሳሙና ገዝታ በአጠገባቸው ስታልፍ ቆመች። ይኼ የልጄ ድምፅ ነው አለች። ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

"ጽሑፉ ሲመጣ እኛ አነበብን። እሷ ግን ጥቁሩን አይታ አለቀ አለች። ደግማ አየችው። ከዚያ …"

"ከዚያ ምን?"

"ከዚያ እልል አለች፣ አያ ቢተው። ልጄ ሥራው ተመለሰለት፣ እንግዳ መጣ ብላ። እንኳን ደህና መጣችሁ ሲል ሰማችው አይደል? የሚያስጎበኝ መሰላት። ምን እንበላት? መርዶ ብቻችንን እናርዳት? እዚያው ጉልት ላይ ካሉት ሴቶች ሞቱን የሰሙ ነበሩ፤ እንዳትጠረጥር ብለው አብረዋት እልል አሉ።"

ንግግሩን አልጨረሰም። ባንቺዓለም በመናኸሪያው በር ገባች። ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በብብቷ ይዛለች፤ ፊቷ እንደ በዓል ቀን ነው።

"አንተ ቢተው፣ እዚህ ነህ? ጉድ ሠራችሁኝ። ደሴ ነው፣ ሱቅ ነው ስትሉኝ፣ ለካ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ነው።"

"የት እትዬ?"

"ነአኩቶ ለአብ ነዋ። ዋሻውን አላውቀውም ብለህ ነው? ውሃው ከጣሪያው ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁት። እንግዳ አስከትሎ እየሳቀ። ሊያስደንቀኝ ብሎ ነው እንጂ፣ ሳያየኝስ አያድርም ነበር። ፊቱ ግን ቆሽሿል። ደግሞ ጃኬቱን እዚህ ትቶ ያለ ባጁ ነው የሚሠራው፤ ያባርሩታል። ይኼው ይዤለት ልሄድ ነው። ደግሰው፣ በባጃጅህ አድርሰኝ።"

ደግሰው ጎማውን ማየት ጀመረ።

"ድምፁን ሰማሁት፣ ቢተው" አለች፣ ዝግ ብላ። "ሳል የለበትም። ዘንድሮ ብርዱ ሳንባውን ይነካዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። የለበትም።"

"የለበትም፣ እትዬ።"

"ክፈትልኝ እስቲ ደግሞ" ብላ የደግሰውን ስልክ ተቀበለች። ሦስቱም ቆመው አዩት። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አሥራ ሁለተኛው፣ መላእክቱ፣ ሳቁ። አሁን ቀና በሉ። ጥቁር።

"እዚህ ጋ የምትመጣውን ጽሑፍ አንብቡልኝ ብል ሁሉም እንቢ አለኝ። ይኼ ዓይኔን አሞኛል ይላል። ጉልት ላይ የምትሸጠውን ሸጌን ብጠይቃት መነጽሬን ረሳሁ አለች፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው። አንተ ነህ የጻፍከው። አንብብልኝ።"

ልጆቼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈ ሰው ነው። አንድም ቀን፣ የጻፍከውን አንብብልኝ ያለችው የለችም። መርዶው ነገ ጎሕ ነው፤ አሁን ቢያነብላት፣ ያለ ነፍስ አባት፣ ያለ ደጋፊ፣ በናፍጣ ጭስ መሃል ትወድቃለች። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

"የእኔ ስም ነው" አላት። "የሠራው ቢተው ነው ይላል።"

"ይኼ ሁሉ ስምህ ነው?"

"ከነአባቴ ነው።"

"ከነአያትህም ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለት መስመር ነው።" ሳቀች። ከዚያ ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት፤ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ያንኑ ጽሑፍ ሳመችው። "ስምህን ያለምልመው። ልጄን አሳየኸኝ።"

ቢተው ስልኩን ተቀብሎ ለደግሰው መለሰለት።

"በል እንሂድ" አለች ወደ ባጃጁ ዞራ።

"ዛሬ አያገኙትም፣ እትዬ" አለ። "ነገ … ነገ እሱ ራሱ ይመጣል። ጃኬቱን ቤት ያቆዩለት።"

"ነገ?"

"ነገ እኩለ ቀን ላይ።"

"እንግዲያ ልጠበው፣ አቧራ ጠጥቷል" ብላ ሄደች። ደግሰው ባጃጁ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ቀረ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ መምሬ ገብረ ሊባኖስ ሁለት ሽማግሌና አምስት ሴቶች አስከትለው መጡ። ሴቶቹ ሊደግፏት ነው። ቢተው ከኋላ ነበር። በሩን ሳያንኳኩ ከውስጥ ተከፈተ። ባንቺዓለም ተነሥታ ጠብቃለች፤ ሰማያዊው ጃኬት ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ባጁ ተወልውሎ ክንዷ ላይ ነው። የበሩ መከፈትና ፈገግታዋ አንድ ላይ ነበር። ከዚያ መምሬን አየች። ሴቶቹን ቆጠረች።

"ባንቺዓለም" አሉ መምሬ። "ጃኬቱን አስቀምጪው፣ ልጄ።"

መርዶው ይኼው ነው። ሌላ ቃል አልተነገረም። አልጮኸችም። ጃኬቱንም አላስቀመጠችም። በሰዎቹ ትከሻ መሃል ቢተውን ፈልጋ አገኘችው።

"ስምህ አልነበረም" አለችው።

ከዚያ ነው የወደቀችው፤ ሴቶቹም ያዟት። እኩለ ቀን ላይ፣ ቢተው እንዳለው፣ ኪዳን መጣ። ጃኬቱን ሳጥኑ ላይ አደረጉለት።

ከቀብር መልስ የትናየት ደወለች። ጋዜጣው ከተመሠረተ ይህን ያህል ሰው ያየው ሥራ እንደሌለ ነገረችው፤ ድምፅዋ የደስታ ነው፣ ምን ታውቃለች?

"አውርጂው" አላት።

"ምነው ጋሼ?"

"ስትለቁት እናቱ አልተረዳችም ነበር።"

"መልእክትዎ ላይ እኮ አልነገሩኝም" አለች፤ ስታለቅስ ይሰማዋል።

"አልነገርኩሽም" አላት። እውነት ነው፣ አልነገራትም። ያኔውኑ አወረደችው፤ ግን በየሰዉ ስልክ ተባዝቶ ነበር። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ። በሰኔ መጨረሻም ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ መጣለት። ማኅደር ክፍል መግባቱ ቀረለት።

በአርባው ቀን፣ ሰው ከተዝካሩ ተነሥቶ ሲበተን፣ ባንቺዓለም ቢተውን አስቀረችው። ከአስከሬኑ ጋር የመጣው የኪዳን ስልክ እጇ ላይ ነው፤ ደግሰው ቪዲዮውን ጭኖላታል። "ያን ጽሑፍ አሁን አንብብልኝ" አለችው። "እንደተጻፈው።"

አነበበላት። በራሱ ድምፅ፣ ሁለቱንም መስመር፣ እስከ ነፍሱን ይማር። ወገል ጤና ላይ እንቢ ያለው ድምፅ አሁን ታዘዘው።

"አሜን" አለች። ከዚያ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። "መደበቃችሁን አልቀየምኩም። ሞት ይደበቃል፣ የአገር ነው። ስሜ ነው ያልከኝንም ትቼልሃለሁ፤ ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ግን በሞተ ልጄ ላይ እልል አሰኘኸኝ፣ ቢተው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ። እሱ ሳጥን ሲፈለግለት እኔ እልል እል ነበር። ያቺን እልልታ አሁን የት ልጣላት?"



ባንቺዓለም ከዚያ ወዲህ እልል ብላ አታውቅም። ገና ይመጣል፣ ጥምቀት ይመጣል፣ ታቦት ሲያልፍ ሴቱ ሁሉ ያስነካዋል፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። ማታ ማታ ግን በቤቷ በኩል ያለፈ የኪዳንን ሳቅ ይሰማል። አሁን ቀና በሉ ይላል፣ ከዚያ ዝም ነው። ጥቁሩ ሳይመጣ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች ይላሉ።

ቢተውም እንደበፊቱ መሥራት አልቻለም። አደጋ በደረሰ ቁጥር ይቀርጻል፣ ይቆርጣል፣ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሳይልክ ይቀመጣል። ለነፍስ አባቱ ይደውላል፣ ለዕድር ዳኛው ይደውላል፣ "ቤተሰቡ ተረድቷል ወይ?" ይላል። ገና ነው ካሉት ይጠብቃል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። እሱ ሲጠብቅ ሌላው ይለቀዋል። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፉለት፤ በሦስተኛው አዛወሩት። አሁን ምድር ቤት ነው፤ አሮጌ ጋዜጣ በየዓመቱ እየለየ በሲባጎ ያስራል። ሁለቱ እስክሪብቶ አሁንም ኪሱ ውስጥ ናቸው።

እንግዲህ ይኼው ነው። ስልክ አትያዙ አልላችሁም፤ እኔም ብል አትሰሙኝም፣ ደግሞም የሩቁን ዘመድ ድምፅ የምንሰማው በእሱ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ጣታችሁ ልትልክ ዘንበል ስትል፣ ሳሙና ገዝታ በባጃጆቹ አጠገብ የምታልፍ አንዲት እናት እንዳለች አስታውሱልኝ። ስሟ ባንቺዓለም ነው። የልጇ ኪዳን ነው። እንዳትረሷቸው፣ ልጆቼ።